የጓደኞቼ ሸክላ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬ የምናገረው ጓደኞቼ ስለሠሩት አንድ የሜሎዲክ ሃርድኮር አልበም ነው። የወዳጅ ሥራ ሲሰማ «ግሩም ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ እንዲህ ያለው ምስጋና ግን ከሙዚቃው ይልቅ ለወዳጅነቱ የሚሰጥ ስለሆነ፣ እኔ የቱ ቦታ በምን ምክንያት እንደማረከኝ ለይቼ ለመናገር እሞክራለሁ።

ለስልቱ እንግዳ ለሆናችሁ ጥቂት ልበል። ሃርድኮር ፓንክ በፍጥነትና በጩኸት የሚታወቅ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ሲሆን፣ ሜሎዲክ የሚባለው ቅርንጫፉ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ለዜማ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የ«ማይነር ትሬት» ባንድ አባል የነበረው ብራያን ቤከር በዋሽንግተን ዲሲ ዳግ ናስቲ የተባለውን ባንድ ሲመሠርት፣ በ1988 ደግሞ የካሊፎርኒያው ባንድ ባድ ሪሊጅን በ26 ደቂቃ ገደማ 15 ዘፈኖችን የያዘና በተደራረቡ ድምፆች የተዋበ አልበም ሲያወጣ፣ የስልቱ መልክ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። አብዛኛው ዘፈን በሁለት ደቂቃ አካባቢ በሚያልቅበት በዚህ ሙዚቃ፣ አዝማቹ ገና በመጀመሪያው ዙር ካልያዘን ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ጓደኞቼ ይህን በሚገባ ያውቁታል። ጊታሮቹ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፅን ሆን ብሎ በሚያሻክር ስልት፣ ተሸፍነው ሲሮጡ፣ ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ወፍራም ድምፅ ያለው ቤዝ ጊታር ነው፤ ከበሮ መቺውም በወሬ መሀል የሰውን ቃል ከአፍ እንደሚነጥቀው ሁሉ፣ ከምቱ በጥቂቱ ቀድሞ ስለሚገባ ሙዚቃው ሁልጊዜ ወደ ፊት ያዘነበለ ይመስላል። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ይህን በኮምፒውተር ያስተካክለው ነበር። እንኳን አልተስተካከለ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመጨረሻውን ዘፈን ነው። አዝማቹ የተወሰደው ድምፃዊውና የቤዝ ተጫዋቹ ባንዱ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ በሚል ካደረጉት ጭቅጭቅ ሲሆን፣ ሁለቱ በዚያ ጊዜ የተናገሩትን የየራሳቸውን ሐሳብ እየያዙ በአንድ ጊዜ ይዘፍኑታል። ጭቅጭቁ ሲካሄድ እዚያው ስለነበርሁ፣ የሚያስደስተኝ ዘፈኑ ነው ወይስ ትዝታዬ የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቶብኛል። ሆኖም ታሪኩን ለማያውቅ አድማጭም ቢሆን ሁለቱ ዜማዎች እየተቀራረቡና እየተራራቁ ሄደው በመጨረሻው ቃል ላይ ብቻ በአንድ ኖታ መገናኘታቸው በጆሮ የሚለይ ነገር ነው፤ ስለዚህ ውበቱ የእኔን ምስክርነት የሚጠብቅ አይደለም።

የዘፈኑ አቀማመጥም የታሰበበት ነው። ሸክላ በእኩል ፍጥነት ስለሚዞር፣ መርፌው ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ሰከንድ የሚጓዝበት መስመር ያጥራል፤ በዚህም የተነሣ ቀጫጭን ድምፆች፣ በተለይም የሲምባል (ከከበሮው ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ጩኸት፣ በገጹ መጨረሻ ላይ ጥራታቸውን በቀላሉ ያጣሉ። ጓደኞቼ ፈጣኖቹን ዘፈኖች ከዳር አስቀምጠው፣ በሸክላው መሀል አጠገብ ለሚገኘው ለዚህ የመጨረሻ ዘፈን ሲምባሉን ቀንሰው በወፍራሞቹ ከበሮዎች ላይ እንዲመሠረት አድርገዋል። በኢንተርኔት ለሚሰማው ሰው ይህ ጥንቃቄ ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ ለእኔ ግን ገጹን እስከ መጨረሻው ለሚሰማ ሰው የተሰጠ ክብር ነው።

የማልስማማበትም ነገር አለ። በሁለት ዘፈኖች ላይ በጋራ የሚጮኹት ጩኸት በዝቷል፤ ከዚያም በላይ የድምፃዊው ድምፅ ከጊታሮቹ በታች ተቀብሯል። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እርሱም አድማጩ ግጥሙን ከሽፋኑ ላይ እያነበበ እንዲከታተል ሆን ብሎ እንዳደረገው መለሰልኝ። ግጥሙን አነበብሁት፤ ጥሩ ግጥም ነው፤ ጥሩ በመሆኑም ጭምር በሚቀጥለው ሥራቸው ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው መወትወቴን አልተውሁም።