የድሬዳዋ ዛፍ የድሬዳዋ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ አቦ፣ ከፊት ወንበር አለ። ፊት የተቀመጠ ሰው ጥያቄ አይጠየቅም፣ ቃሌ ነው።

የዛሬው የዕፅዋት ክበባችን የዓመቱ መክፈቻ ነው። የታዘዝኩት ስለ ፕሮግራሙ እንድናገር ነው፣ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን እዩልኝ። ክንድ ያክላል፣ ጠቁሮ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ስነቀንቀው ይንኳኳል። ዘሩ ነው የሚንኳኳው። ልጅ ሆኖ በዚህ ጎራዴ ያልተማታ የድሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፣ አንድም የለም።

የከዚራ ሰፈራችንን ጥላ ያለበሰው ዛፍ ፍሬ ነው። ሲያብብ አስፋልቱ ሳይቀር ይቀላል። ለመሆኑ አበባውን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁታል? አምስት ቅጠል አለው። አራቱ ደማቅ ቀይ ናቸው። አምስተኛዋ ለብቻዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ ቀይ የተረጨባት ትመስላለች። እኔ አርባ ዓመት በሥሩ ስመላለስ ኖሬ ይቺን አምስተኛ ቅጠል ልብ ያልኳት ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ያውም ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ወድቃብኝ።

ስሙ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሌላ ከተማ ሄዳችሁም እንደዚያው ሲሉት ትሰማላችሁ። ትውልዱ ግን ማዳጋስካር ነው! የሥጋ ዘመዱ አለ፣ ደሎኒክስ ኤላታ የሚባል፣ አበባው ነጭ ሆኖ ፈክቶ ሲያረጅ ወደ ቢጫ የሚሄድ። የአገራችን ቆላ ልጅ ማለት እሱ ነው፤ እሱን በስሙ የሚጠራው ግን ስንቱ ነው? ደጃችን ላይ የተከልነው ኒም ከህንድ በኩል የመጣ ነው። ቲኒያችን፣ መሃል አገር በለስ የሚሉት፣ ከሜክሲኮ።

እንግዳ ነውና ይነቀል አላልኩም፣ ነገ እንዲህ ብሏል እንዳትሉኝ። ከተማችን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ይዟት የመጣች ናት፣ እዚህ የተቀመጥነውም የየአያቶቻችንን አገር እንተዋወቃለን። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለእንግዳው የከተማችንን ስም ሰጥተን የባለቤቱን ስም ረሳን።

ይሄ የገባኝ ተዋርጄ ነው። አምና ወደ ሺኒሌ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብለን የነበረውን ጉዞ ታስታውሳላችሁ። ያልነበራችሁ ደግሞ ወሬው ደርሷችኋል፣ ድሬ ነው። አንድ ቁጥቋጦ ፊት ቆሜ ስለ ግራር ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። የላቲን ስም ጠራሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ምክንያቱም ከከተማ የወጣነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እሱም የእኔ ጥፋት ነው። ፍየል የሚጠብቁ አንድ አባት በትራቸውን ተደግፈው ሰሙኝ፣ አብሯቸው ያለውን ልጅ ምን እያለ ነው ብለው ጠየቁ፣ ልጁ ተረጎመላቸው። ሳቁ። «ይሄ ግራር ከሆነ እኔም ግመል ነኝ» አሉ። ፕሮሶፒስ የሚሉት መጤ ዛፍ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ግን ሁልጊዜ የማስበው ነው። ሄደው አንድ የግራር ቅርንጫፍ፣ አንድ የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡና ጎን ለጎን ያዙልኝ። ዛሬ ወንበራችሁ ላይ ያገኛችኋቸው ሁለት እንጨቶች እነዚያው ዓይነቶች ናቸው፣ በቀስታ አንሷቸው፣ ይወጋሉ። ቀይ ክር የታሰረበት ግራሩ ነው። እሾሁን እዩት፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ረጅም፣ ነጭ፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ፤ ሌላው አጭርና እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ። ፍሬው ደግሞ የተጠማዘዘ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ ላይ ቆልማማ እሾህ የለም። ፍሬው ቢጫ፣ ዘለግ ያለ ፎሶሊያ የሚመስል፣ ጣፋጭ ነው። አበባው ሲመጣ እንደ ጣት ረዘም ይላል፣ የግራሩ ግን ክብ ነጭ ኳስ ነው። በቃ። ሩብ ሰዓት የፈጀሁበት ነገር ሁለት ደቂቃ አልወሰደባቸውም።

ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ተተከለ። ጣፋጩን ፍሬ ከብትና ፍየል በላው፣ ዘሩ በእበቱ እየወጣ በሄደበት በቀለ፣ አፋር ላይ ስንት የግጦሽ መሬት ዘጋ። ስለዚህ እሱንና ግራርን መለየት የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፕሮሶፒስ ቆረጥኩ ብሎ የግራር ችግኝ የሚጨፈጭፍ ሰው ሊኖር ይችላላ!

በነገራችን ላይ የግራር የላቲን ስሙም ቢሆን አይጨበጥም። እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ የዕፅዋት ሊቃውንት ተሰብስበው አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲቀር ወሰኑ፤ የእኛዎቹ ግራሮች ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ ተባሉ። ዛፉ ምንም አልመሰለውም። ፍየሉም።

እንግዲህ ወደ ፕሮግራሙ። የዘንድሮ ንግግሮቻችን ከሃያ ደቂቃ አይበልጡም። ተናጋሪው ስለሚያወራው ተክል ቢያንስ አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል፣ የማይችል ሰው ተራውን ይልቀቅ። ፕሮጀክተሩን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብተነዋል። መብራት ሲጠፋ ግማሹ ሰው ተኝቶ እንደነበር ያወቅነው መብራቱ ሲመለስ ነው፣ ስም አልጠራም። ከእናቶቻችን መሃል ደግሞ ስለ መፋቂያ፣ ስለ ሂና፣ ስለ እሬት ከማናችንም በላይ የምታውቁ አላችሁ። ዘንድሮ መድረኩ የእናንተ ነው። እኔ አላውቅም፣ አልተማርኩም የሚል ምክንያት አንቀበልም።

ከሁሉ በላይ የጓጓሁለት የስም ደብተሩ ነው። አንድ ተክል፣ አንድ ገጽ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ አፋርኛም ከተገኘ። ይሄ ከተማ አንዱ ሮቃ ያለውን ኮምጣጣ ፍሬ ሌላው ሁመር ብሎ ጭማቂውን በብርጭቆ የሚሸጥበት ነው። ጓቫውን ዘይቱን ስንል ወይራ የሚመስለው እንግዳ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? የተጠየቀው ሰው ያለውን እንዳለ ጻፉት፣ አታርሙት። የት እንደተገኘ፣ መቼ፣ አበባው ምን ቀለም እንደነበረ ጻፉ፤ ቅጠሉ ጋዜጣ መሃል ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። ጋዜጣውን ደግሞ በየቀኑ ቀይሩ፣ አለዚያ ይሻግታል። ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የተጻፈባቸው እነዚያ ትልልቅ ጥራዞች፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ተጀምረው በ2009 ያለቁት፣ ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት የያዙት፣ መሠረታቸው እንዲህ በወረቀት መሃል የደረቀ ቅጠልና ከጎኑ የተለጠፈች ብጣሽ ጽሑፍ ናት።

ጉዞ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከከተማ አይወጣም፣ ከዚራ ውስጥ በእግር ነው። የት ይወስዱን ይሆን ብላችሁ ለጠበቃችሁ ይቅርታ፣ ደጃችንን ሳንጨርስ ሩቅ አንሄድም። ሁለተኛው ደንገጎ ዳገት ነው። ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,000ን አልፎ የሚሄድ መንገድ ስላለን ዕድለኞች ነን። ከታች ግራርና እሬት፣ ሽቅብ ስንወጣ ቁልቋል፣ ከላይ ወይራና ጥድ፣ ሁሉም ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ። ሚኒባሱን አራት ቦታ እናስቆማለን፣ ሹፌሩ ከአሁኑ ተቆጥቷል። ሦስተኛው ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ። ተክል የሚታየው ጫካ ብቻ ነው ያለው ማነው? የቡና ቅጠል ተፈልቶ ቁጢ ሲሆን እዚያው እየጠጣን እንማራለን።

ሕጉ አጭር ነው። ሁለት ሊትር ውሃ፣ የተሸፈነ ጫማ። ባለቤቱን ሳትጠይቁ ማሳ አትግቡ። የማታውቁትን አትቅመሱ። ቁልቋል ሰብራችሁ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። እና ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሆነን ሽቅብ ተራራው ከጠቆረ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ባይኖርም፣ ወዲያው እንወጣለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ያደረገውን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከ200 ሰው በላይ ነው ያጣነው።

የፊታችን እሁድ እንጀምራለን። ጠዋት 12 ሰዓት፣ አሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። 12 ያልኩት 12 ነው፣ አንድ ሰዓት አይደለም። የዘገየ በባጃጅ ይከተለን፣ ሂሳቡን ራሱ ይከፍላል። እነዚያን ቅርንጫፎች ደግሞ ወንበር ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ፣ ከእኛ ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ።