በወዳጅ ስም በተገዛ መሬት ላይ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ሲያትል ስላለው ኩቦታ ጋርደን ላወራችሁ ነው። የጃፓን አትክልት ስፍራ ነው፤ ያለውም ሬኒየር ቢች፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በከተማው ደቡብ በኩል።

የሠራው ፉጂታሮ ኩቦታ ይባላል። ከጃፓን፣ ከሺኮኩ ደሴት የመጣ ስደተኛ ነው። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ ራሱን ነው ያስተማረው። በ1927፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ዛፉ ተጨፍጭፎ ያለቀበት 5 ኤከር ረግረግ ገዛ። ገዛ ስላችሁ በስሙ አይደለም። የዚያን ጊዜው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ የጃፓን ስደተኛ መሬት እንዲይዝ አይፈቅድም ነበር። በወዳጁ ስም ነው የገዛው።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በስምህ ባልሆነ መሬት ላይ ጎመን ብትዘራ ይገባኛል፤ በጥቂት ወር ትበላዋለህ። እሱ ግን ጥድና ሜፕል ተከለ። ጥድ ቅርጽ እስኪይዝ በየዓመቱ እየከረከምክ ስንት ዘመን ትጠብቃለህ! እኛ ስንቶቻችን ነን «ለጊዜው ነው» እያልን ግድግዳችን ላይ ፎቶ እንኳ ሳንሰቅል ዓመታት ያለፉን?

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ አሜሪካና ጃፓን ጠላት ሆኑ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አፈናቅሎ ካምፕ አስገባ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ዜጎች ነበሩ። የኩቦታ ቤተሰብ አይዳሆ ውስጥ ሚኒዶካ የሚባል ካምፕ ተወሰደ። አትክልቱ ጠያቂ አጥቶ ዓመታት ከረመ፣ አረም ዋጠው። ሰውየው ግን ካምፑ ውስጥም አትክልት አሠራ። በእስር ቦታ! ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ጦርነቱ አልቆ ሲመለስ 66 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከልጆቹ ጋር እንደገና ጀመረ። ፏፏቴ የሚወርድበትን ድንጋያማ ኮረብታ የሠራው በ1960ዎቹ ነው፤ ዕድሜው 80 ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በ1973 አረፈ። ቦታውን ከተማው በ1987 ገዛው፤ ዛሬ 20 ኤከር ነው።

መግቢያው ነጻ ነው። ሜፕሉ በሚቀላበት በመጸው ወራት ብትሄዱ ደስ ይላል። እናቶችን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀዩ የጨረቃ ድልድይ ዳገትም ቁልቁለትም አለውና እጃቸውን ያዙ። ካልሆነም በሌላው መንገድ ዙሩ፤ ኩሬው ከዚያም ይታያል።