ሰባተኛ የወጣሁበት ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ቤቴ ሆኜ ነው። የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ ከጓሮው ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ብስክሌት እወዳደራለሁ። እንጀራዬ ግን እሱ አይደለም። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከክለባችን ልጆች ጋር እወጣለሁ። ክለብ ስላችሁ ደሞዝ የሚከፍል እንዳይመስላችሁ። 12 ነን፤ ማልያውንም ያሰፋነው አዋጥተን ነው።

ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ገበያተኛው ይነዳል። እኔም የጀመርኩት በሰዓት በሚከራይ ብስክሌት ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ዕቅድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መስከረም በጠባ ቁጥር ደብተሬ ላይ አንድ ዓይነት ነገር እጽፍ ነበር፦ «ዘንድሮ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ እገባለሁ።» በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ውድድር ላይ ገባሁ። አራተኛ ወጣሁ። ግን እንዴት መሰላችሁ? መጨረሻው ኩርባ ላይ አሸዋ ነበር። ከፊቴ የነበሩት ልጆች ተንሸራተው ወደቁ። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ዞሬ አለፍኩ። በጣም ደስ አለኝ፣ ለሰው ሁሉ ደወልኩ። በማግስቱ ከወደቁት አንዱን ልጠይቅ ሄድኩ። ትከሻው ወልቆ ታስሯል። እናቱ ቡና እያፈሉ፣ «አንተስ ልጄ፣ ስንተኛ ወጣህ?» አሉኝ። «አራተኛ፣ እማማ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ ከልባቸው። ቡናውን ጠጥቼ እስክወጣ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ውድድር ነበር። ነፋሱ ከፊት ነው። ከእኛ የበረቱ ክለቦች መጥተዋል። ያን ቀን ሁሉ ነገር ሰመረልኝ። ከመሪዎቹ አልተነጠልኩም፣ ተራዬ ሲደርስ ከፊት ሆኜ ለኋለኞቹ ነፋሱን ሸፈንኩ፣ መጨረሻ ላይም እግሬ አልከዳኝም። ሰባተኛ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በነጋታው ጎማ ላስለጥፍ ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። በወጣትነቱ ተወዳድሯል፤ ሁላችንም አያ ነው የምንለው። ፊቴን አየና፣ «እንደ ትናንቱ ነድተህ አታውቅም። ታዲያ ማን ሞቶብህ ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ባልሠራሁበት ቀን ጨፈርኩ፣ በሠራሁበት ቀን አዘንኩ። ደረጃዬን የወሰነው ማን መጣ፣ ማን ወደቀ፣ የማን ጎማ ፈነዳ የሚለው ነበር። እነዚህ ደግሞ በእኔ እጅ አይደሉም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ። ኩርባ። እፈራ ነበር። መሐሉ ላይ ስደርስ እጄ ሳላዘው ፍሬን ይይዛል። ጎማው ደግሞ ያለው ጉልበት ውስን ነው። እየዞረም እየቆመም ልሥራ ሲል ይከዳል። ፍሬን ቀድሞ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው የሚያዝ። ከዚያ ለቀቅ። የውጪው ፔዳል ወደ ታች፣ ክብደትህ እሱ ላይ። የውስጡ ፔዳል ወደ ላይ፣ አለበለዚያ አስፋልቱን ይነካል። ዓይንህ ከጎማው ሥር ሳይሆን መውጫው ላይ። ዓይን ያየበት ነው ብስክሌቱ የሚሄደው።

ደብተሬ ላይ፣ «አደባባዩን 10 ጊዜ ስዞር አንዴም መሐል ላይ ፍሬን አልነካም» ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ንጋት፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ እዞራለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ፈጀብኝ። አሥረኛው ዙር ሲሞላ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም። ደስታው ግን ከአራተኛነቱ በለጠብኝ።

ይህ ዕቅድ ሌላም ነገር አተረፈልኝ። ከከተማ መውጣት ያልተቻለበት ጊዜ መጣ፤ የዚህን አገር ሰው አልነግረውም። ወደ መራዊ የምንነዳው የ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ልምምድ ቆመ። ዕቅዴ ረጅም መንገድ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር። አደባባዩ ግን ነበረ።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እኔም እጾማለሁ። ድሮ ጾም እንደሌለ አድርጌ አቅድና ልምምዱም ጾሙም ይበላሽብኝ ነበር። አሁን ከባዱን ልምምድ ከፋሲካ በኋላ አደርገዋለሁ። በጾሙ ወራት ኩርባና አያያዝ ብቻ። ጉልበት አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ሌሎችም አሉኝ። በውድድር ላይ ሳይርበኝ በየግማሽ ሰዓቱ መብላት፤ በማር የታሸ የበሶ ጭብጦ ከኋላ ኪሴ አይጠፋም። በወር አንዴ ደግሞ የቤዛዊትን ዳገት ሰዓት ይዞ መውጣት። ከ7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጀምሬ 7 ደቂቃ ከ5 ደርሻለሁ።

ስለ ደረጃ ሳስብ ጽጋቡ ግርማይ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ያንን ውድድር ሰዎች የሚያስታውሱት በአሸናፊው ስም ነው። እንደ ጽጋቡ ያሉ ነጂዎች ሥራ ግን ለቡድን መሪያቸው ነፋስ መሸፈን፣ ውሃ ማቀበል ነው። ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ድካሙ ከሩብ በላይ ሊቀንስለት ይችላል። ያንን ድካም ከፊት ያለው ይሸከመዋል፤ የውጤት ሰሌዳ ላይ ግን አይጻፍም።

የዘንድሮው ዕቅዴ የመጣው ከዚህ ነው። ክለባችን ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ አለ። ዳገት ላይ ከእኔ ይበልጣል፣ ነፋስ ላይ ግን ገና ነው። ደብተሬ ላይ፣ «እስከ መጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ነፋሱን እሸፍንለታለሁ» ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ ስንተኛ እወጣለሁ?» አለኝ። «ኩርባው ላይ ፍሬን ትይዛለህ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ።

እሑድ ንጋት አደባባዩ ላይ ተቀጣጥረናል። ደኅና ሰንብቱ።