የእሑድ ጠዋት መርከብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በጦርነት ጊዜ ብዙኃንን ለማዳን ጥቂቶችን መሠዋት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ሂሳብ ነው የሚቀርበው፤ ይህን ያህል ሞቶ ያን ያህል ከዳነ ትክክል ነው ይባላል። ዛሬ የማነሣው የሟቾቹ ቁጥር ተቆጥሮ ስለሚታወቅ፣ ጥያቄው ግን ዛሬም ድረስ ስላልተዘጋ አንድ የኖርዌይ ታሪክ ነው።

ጀርመን ኖርዌይን ይዛ በነበረችበት ዘመን፣ በሪዩካን ከተማ አጠገብ ቬሞርክ በሚባል ስፍራ ከባድ ውሃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ይህ ውሃ ለአቶም ምርምር የሚፈለግ በመሆኑ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ሂትለር በአቶም ቦምብ እንዳይቀድማቸው ሰጉ። እ.ኤ.አ. በ1943 የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከብሪታንያ በፓራሹት የወረዱ ኖርዌያውያን ኮማንዶዎች ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ ገብተው አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ማምረቻውን አፈነዱት። ጀርመኖች ጠገኑት። በዚያው ዓመት በኅዳር የአሜሪካ አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ጣሉበት፤ ከሃያ በላይ የአገሩ ሰዎች ሲሞቱ ከባድ ውሃው ግን ተረፈ። ከዚህ በኋላ ጀርመኖች የቀረውን በበርሜል ሞልተው ወደ አገራቸው ሊወስዱት ወሰኑ። በርሜሎቹ የተጫኑባቸው ፉርጎዎች ቲን የተባለውን ሐይቅ የሚሻገሩት «ሃይድሮ» በምትባል መርከብ ነበር፤ መርከቧ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ ለጉዳዩ የሚመላለስባት የሲቪል መርከብ ነበረች።

መርከቧን የማስጠም ሥራ የተሰጠው ክኑት ሃውከሊድ ለተባለ ኖርዌያዊ አርበኛ ነው። የሪዩካን ሰዎች፣ የሚገኘው ጥቅም ጀርመኖች ለሚወስዱት የበቀል እርምጃ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን በሬዲዮ ለንደንን ጠየቁ። መልሱ፣ ጉዳዩ ታስቦበታል፣ ውሃው መጥፋት አለበት፣ ጉዳቱ እጅግ የከፋ እንዳይሆን ተስፋ እናደርጋለን የሚል ነበር። እነሃውከሊድም የሚችሉትን አደረጉ። ተሳፋሪ የሚያንስበትን የእሑድ ጉዞ መረጡ፤ ፈንጂውን ከደወል ሰዓት ጋር አያይዘው መርከቧ ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ በምትደርስበት ጊዜ እንዲፈነዳ አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1944፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ45 ገደማ ፈነዳ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 14ቱ ኖርዌያውያን፣ 4ቱ ጀርመኖች ነበሩ። የሐይቁ ዳር ገበሬዎች በጀልባ እየቀዘፉ ደርሰው 29 ሰዎች ተረፉ።

ከዚህ ታሪክ ከአእምሮዬ የማይወጣው አንድ የማዕድ ቤት ነገር ነው። ከምሥጢሩ ተካፋዮች የአንደኛው እናት በዚያ እሑድ በመርከቧ ለመሄድ አስበው ነበር። ልጅየው ምክንያቱን ሳይናገር ሊያስቀራቸው ቢሞክር እምቢ አሉት፤ በመጨረሻ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ምግባቸው ውስጥ ጨምሮ፣ ሆዳቸውን አሟቸው ቤት እንዲውሉ እንዳደረገ ይተረካል። ልጁን አልፈርድበትም፤ ማንኛችንም እንዲሁ እናደርግ ነበር። ነገር ግን ስለ ብዙኃን ደኅንነት የቀረበው ሂሳብ ምን ያህል ትክክል ቢሆን፣ ያሰላው ሰው የገዛ እናቱን ከስሌቱ አውጥቷል፤ ሌላው ተሳፋሪ ግን ይህን የሚያደርግለት ልጅ አልነበረውም።

በቋንቋችን «መሥዋዕት ሆነ» እና «መሥዋዕት አደረጉት» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ራሱን የሰጠ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው። የጦር ሐውልቶች ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠሩ ቅር ይለኛል። ሃውከሊድ ቢያዝ የሚጠብቀውን እያወቀ ስለገባበት በመጀመሪያው ቃል ሊጠራ ይችላል፤ በመርከቧ የነበሩት 14 ኖርዌያውያን ግን አይችሉም።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 12 ቀን 1936 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁትና ደነገጥሁ። ከዚያ ልክ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ1929፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጥለዋል፤ በተከታዮቹ ቀናት ፋሺስቶች በአዲስ አበባ የፈጁትን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎታል። አንዳንድ ሰው ሁለቱ ወጣቶች ባይነሡ ኖሮ ያ ሕዝብ አይሞትም ነበር ሲል እሰማለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የአዲስ አበባን ሕዝብ የገደለው በገዛ ፈቃዱ ሊበቀል የወጣው ጠላት ነው፤ በቲን ሐይቅ ግን ተሳፋሪዎቹን የገደለው የወገን ፈንጂ ነው። ይህ ልዩነት ለሟች ቤተሰብ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለፍርድ ግን ብዙ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ እንደታወቀው፣ ጀርመኖች ቦምቡን ለጦርነቱ ማድረስ እንደማይችሉ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ተረድተው ነበር፤ በበርሜሎቹ የነበረው ውሃም አንድ የአቶም ማብለያ ለማንቀሳቀስ አይበቃም ነበር። ሃውከሊድ ይህን ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ሌሊት በሚያውቀው ብቻ ከተፈረደ ትክክል አድርጓል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስናገር ግን ቃሉ ከአፌ ቀሎ አይወጣም።

ፈንጂውን ሊያጠምዱ በገቡበት ሌሊት የመርከቧ ዘበኛ አግኝቷቸው ነበር። ከጌስታፖ፣ ከጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ፣ የምንሸሸግ ነን አሉት፤ እርሱም አምኖ ከመርከቧ ሆድ እንዲገቡ ፈቀደላቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ሃውከሊድ የዘበኛውን እጅ ጨብጦ አመሰገነው፤ ነገ እንዳትሳፈር ሊለው ግን አልቻለም። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ፈንጂውን ምናልባት አጠምድ ይሆናል፤ ያን እጅ የምጨብጥ ግን አይመስለኝም።