ክራሩን አስቀድማችሁ አስቃኙ፦ የጡረተኛን ታሪክ ስለ መቅረጽ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን ጡረታ የወጣ አባትን ወይም እናትን፣ አጎትን ወይም አክስትን አስቀምጦ ታሪካቸውን በድምፅ ስለ መቅረጽ ነው። የሠሩትን ሥራ፣ የተጫወቱትን ሙዚቃ፣ ቤተሰቡን፣ የተወለዱበትን ቀዬ። ብዙ ሰው "ለፋሲካ ስንሰበሰብ እንቀዳቸዋለን" ይላል። ፋሲካ ይመጣል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ስልኩ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በኋላ ሲከፈት የሚሰማው የሲኒ ኳኳታና የልጆች ጫጫታ ነው፤ የሰውየው ድምፅ ከሩቅ፣ ከኋላ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የራሱ ቀን ይያዝለት።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚያ ነውና። "እስቲ ስለ ሕይወትዎ ያጫውቱን" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ የተጠየቀ ጡረተኛ ለቢሮ ያመለከተ ያህል ነው የሚመልሰው፦ በዚህ ዓመት ተወለድኩ፣ በዚህ ዓመት ተቀጠርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼን አሳደግሁ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ትሕትናችንም አለበት፤ ስለ ራስ ማውራት እንደ መኩራራት ይቆጠራል። ስለ ዕቃ፣ ስለ ሥራ አካሄድ ማውራት ግን መኩራራት አይደለም፤ ማስተማር ነው። ሲያስተምሩ ደግሞ አይደክሙም።

ሰውየው ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል የሠሩ ናቸው እንበል። "ጠዋት እንደገቡ መጀመሪያ እጅዎ የሚነካው ዕቃ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁ "ሌሊት ሰው ልከው የሚያስጠሩዎት ምን ሲበላሽ ነው?" በሉ። ከዚያም "ያንን ሥራ ማን አሳየዎት? እርስዎስ ለማን አሳዩ?" እነዚህ ሦስቱ የማንኛውንም ሙያ በር ይከፍታሉ። እናትየው ታይፒስት ከነበሩ በካርቦን ስንት ቅጂ በአንዴ እንደሚያወጡ፣ አንድ ፊደል ሲሳሳቱ የታችኞቹን ቅጂዎች እንዴት እንደሚያርሙ ጠይቋቸው። ነርስ ከነበሩ የመስታወት መርፌ እንዴት ተቀቅሎ እንደሚዘጋጅ። መልሱ ሲመጣ እጃቸውን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ በባዶ እጃቸው ያንን ሥራ እየሠሩ ነው የሚያወሩት። "እንዲህ አድርጌ፣ እንዲህ" ሲሉ ድምፁ ብቻውን አይበቃም፤ እናንተ ጮክ ብላችሁ "በግራ እጅዎ ይዘው በቀኙ እያዞሩ ማለት ነው?" በሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው የሚያየው በዚያች ቃል ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ከአፋቸው ለማውጣት አትታገሉ። ለዓመተ ምሕረት የተሻለው ምንጭ የጡረታ ፋይላቸው ነው። ጡረታ ለማስከበር አገልግሎት በማስረጃ መረጋገጥ ስላለበት፣ አብዛኛው ሰው የቅጥር፣ የዝውውር፣ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዎቹን በአንድ ፌስታል ወይም በብረት ሳጥን አስቀምጧል። ከቀረጻው በፊት ባለው ሳምንት ያንን ሳጥን አብራችሁ ክፈቱ፣ ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው ደርድሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጡረተኛው በግል ድርጅት የሠሩ ከሆነ ከ2003 ዓ.ም. በፊት የጡረታ መዋጮ ወረቀት ላይገኝ ይችላል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ቀደም ላለው ዘመን የፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪና ሠራተኛ የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ) ደብተር ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው? የምድር ባቡር ወረቀት ከሆነ ከፊሉ በፈረንሳይኛ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ በአማርኛ፣ በእኛው። ሁለቱን ሳይለዩ የደረደረ ሰው አባቱን ከመቀጠራቸው በፊት ያዘዋውራቸዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛው ዓመት ላይ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር 1966 ሲሆን 1973 ነው፣ የካቲት 1966 ግን 1974። ካሴት ላይ "69" ተብሎ የተጻፈ ነገር ካገኛችሁም አትቸኩሉ፤ ባለቤቱን ጠይቁ።

ዓመቱ ከጠፋባቸው ሁሉም በሚያውቀው ነገር አስታውሷቸው። የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953። አብዮቱ፣ 1966። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ 1967። የብር ቅያሪው፣ 1969። የ77ቱ ድርቅ። ግንቦት 1983። "ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ የብር ቅያሪው አልፎ ነበር ወይስ ገና?" የምትል ጥያቄ ከአስር ደቂቃ ማሰብ ትበልጣለች። ሲሳሳቱ ግን አታርሟቸው። ወረቀቱ ሌላ ቢልም ዝም ብላችሁ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። አንዴ በፊታቸው ከታረሙ ከዚያ በኋላ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ሁሉ ይተዉታል፣ ከሚተዉት ውስጥ ደግሞ ትልቁ ነገር አለ።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ሙዚቃን ለመጨረሻ ማቆየት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ትውልድ ሙዚቃን ከሥራው ለይቶ አልኖረም። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ማለት ደመወዝተኛ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ቀበሌውም ፋብሪካውም የኪነት ቡድን ነበረው፤ ቀን ማሽን ላይ የዋለ ሰው ማታ ልምምድ ይገባል። ስለዚህ "ሙዚቃ ይወዱ ነበር?" አትበሉ፣ "ኪነት ውስጥ ነበሩ?" በሉ። ከዚያ ልምምዱ የት እንደነበር፣ መሣሪያው የማን እንደነበር፣ ግጥሙን ማን እንደሚጽፍና ማን እንደሚያጸድቀው ጠይቁ።

መሣሪያ ይዘው የሚያውቁ ከሆነ ከጥያቄ በፊት መሣሪያውን አቀብሏቸው። ባለ ስድስት አውታር ክራር ቤት ውስጥ ካለ፣ ከዓመታት ዝምታ በኋላ ቅኝቱ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ እባካችሁ እናንተ ቃኝታችሁ አትስጧቸው። የሚቃኙበት አስር ደቂቃ ራሱ ታሪክ ነው፣ መቅረጫው እየሠራ ይሁን። በየትኛው ጣት እንደሚነኩ፣ የትኛውን አውታር መነሻ እንደሚያደርጉ፣ አምስቱን ድምፆች ካስተካከሉ በኋላ ስድስተኛውን ከመነሻው ጋር በእጥፍ እንደሚያገጥሙት ይሰማል። የትዝታን ቅኝት ሜጀር ላይ ሲያደርሱት "ወደ ማይነሩ ይውሰዱልን" በሏቸው። በሰባቱ ድምፅ አቆጣጠር ሦስተኛውና ስድስተኛው፣ ማለትም ከክራሩ አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው፣ በግማሽ ቶን ዝቅ ይላሉ፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። መቃኛው ትንሽ ሲላላ፣ አውታሩ ሲወርድ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ስሜት ሲለወጥ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ሌሎቹ ቅኝቶች፦ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ማሲንቆ ከሆነ የጅራቱ ፀጉር ዕጣን ካልተቀባ ድምፅ አይወጣውም፤ አዘጋጅታችሁ ቆዩ። ጣታቸው ቢዝልም አትቸገሩ፣ ሁለት ስንኝ ይበቃል። ዜማው ሲያልቅ ወዲያው አትናገሩ። በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። "ይህን ያሳየኝ እኮ…" የሚለው የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው፣ ከእሱም ጋር አገር ቤት፣ ወንድም፣ ሠርግ፣ ለቅሶ።

ስለ ቀዬ ሲነሳ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ገበያውን፣ የጎረቤቶችን ቤት ይሣሉ፤ እየሣሉ ያውሩ። የገበያውን ቀን ጠይቁ። የቦታ ስም ተለውጦ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፤ ናዝሬት ያሉትን "አዳማ" ብላችሁ በቃላቸው ላይ አትተኩ፣ ደብረ ዘይትንም ቢሾፍቱ። ማስታወሻው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከትውልድ አገር ጋር ያለው ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በገንዘብና በመንገድ ይታያል፦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ያዋጡት፣ የአገር ልጆች ዕድር ውስጥ የያዙት ኃላፊነት፣ ለተዝካር የሄዱበት መኪና፣ ከተማ አምጥተው ያስተማሩት የእኅት ልጅ። እነዚህን ካልጠየቃችሁ በራሳቸው አያነሷቸውም።

ቤተሰቡን በስም መዝግቡ፣ ከአያት በላይ እስከሚያውቁት። አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የትምህርት ቤት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ፎቶ ጀርባ ላይ "ማሚቴ" ተብላ የተጻፈችውና በደብዳቤው በሙሉ ስሟ ያለችው አንድ ሰው መሆኗን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፎቶ ጀርባ ላይ ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ፣ በስሱ፤ እስክርቢቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጫናውም ምስሉን ያጎብጣል።

በ69 እና በ70፣ በቀይ ሽብሩ ዘመን፣ ወጣት የነበረ ሰው መናገር የማይፈልገው ነገር ሊኖረው ይችላል። ከመጀመሪያው "ይህ ይጥፋ ካሉ አጠፋለሁ" በሏቸው፣ ካሉም እዚያው ፊታቸው አጥፉ። ማን እንዲሰማው እንደሚፈቅዱም በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ፣ ልጆች ብቻ ወይስ ሁሉም።

ስለ ቀረጻው። ስልክ ይበቃል። በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉት፣ ካልሆነ አንድ ጥሪ ቀረጻውን ይቆርጠዋል። ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ በጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እጃቸው ጠረጴዛውን በነካ ቁጥር ይንጓጓል። ሳሎን ይሻላል፣ መጋረጃና ሶፋ ማሚቶውን ይውጣል። ፍሪጁን ንቀሉ፤ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡት። በክረምት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ አትቀጠሩ፤ ዝናቡ ሁሉንም ይሸፍናል። ክራር ሲጫወቱ ስልኩን ወደ አንድ ሜትር አርቁ፣ መተግበሪያው ውስጥ ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቅንብር ካለ ዝጉት፤ አለበለዚያ አውታሩ በተመታ ቁጥር ድምፁ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በመተግበሪያው የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ቢደርስ ጥሩ ነው። አንድ ቁጭታ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሁን፣ ከዚያ ያርፉ። አራትና አምስት ቀን ብትመላለሱ ይሻላል።

ከሳጥኑ ካሴት መውጣቱ አይቀርም። እንዳገኛችሁት አታጫውቱት። በመጀመሪያ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፣ በስሕተት ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት። ነጭ ሻጋታ ከታየ ቴፑ ውስጥ አትክተቱት፣ ቴፑንም ሌሎቹንም ካሴቶች ይበክላል፤ ለባለሙያ ስጡት። ንጹሕ ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥኑና መልሱ፣ የተጣበቀው ክር እንዲላቀቅ። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ። ድምፁ የሚዋልል ከሆነ ጥፋቱ ከካሴቱ ላይሆን ይችላል፤ የቴፑ ላስቲክ ቀበቶ ከዓመታት በኋላ ይላላል፣ ይለወጥ። ድምፁ ታፍኖ ከሆነ ደግሞ ካሴቱ መሐል ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ እንደሆነ እዩ። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ነው፣ የ90ው 45፤ የ90ው ክር ቀጭን ስለሆነ ደጋግማችሁ አታመላልሱት። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ባልተጨመቀ የዋቭ (WAV) ፋይል። በስቴሪዮ አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ የድምፅ መልእክቱ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ቤት፣ ቢቻል አገር ቤት ባለ ዘመድ ዘንድ። የፋይሉን ስም ዛሬውኑ ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ርዕሱ። "አዲስ ቅጂ 14" የሚል ፋይል ከሁለት ዓመት በኋላ የማንም አይደለም።

ካሴቱን ገልብጣችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ለእሳቸው አሰሙ። የኪነቱን ድምፅ፣ ወይም ከአገር ቤት የተላከውን ሰላምታ። ሲያዳምጡ ግን ስልካችሁ ባዶ አይቀመጥ፤ እንደገና ከፍታችሁ ከፊታቸው አድርጉት፣ "ይቺ የማን ድምፅ ናት?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።