ድምፁን አታውርዱበት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የድሮ የኪነት ጓደኞቼ፣ ዛሬ ስልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ደብረ ማርቆስ ላይ ንግግር አድርግ ስባል የማነሳው ነገር አልጠፋኝም። ቀጭን ድምፅ ስላለው ወንድ ልጅ ነው የማወራው።

አብረውኝ የዘፈኑ እዚህ አሉ፤ ያስታውሳሉ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ልምምድ ላይ አሰልጣኛችን አስቆመኝና «አውርደው! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። አወረድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በማይሆነኝ ድምፅ ስጎረንን ከረምኩ።

በዚያው ዓመት ለጤፍ አጨዳ ወንፈል ወጣን። ፀሐይዋ ስትበረታ አጎቴ ማጭዱን ጣል አድርጎ አቅራራ። ታውቁታላችሁ፣ ሲያወራ ድምፁ ጎርናና ነው። ሲያቅራራ ግን ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀጥናል፣ ማዶ ያሉት አጫጆች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ያለው ሰው ነበር? ማን ደፍሮ! የጎጃም ሰው ጀግንነቱን ሲናገር ድምፁን ወደ ላይ ነው የሚሰደው። ታዲያ የእኔን ምን አስወረደው?

ኋላ ኦፔራ፣ በዘፈን የሚቀርበውን የፈረንጅ ቲያትር፣ ስማር ያቺው «አውርደው» የምትል ቃል ጠበቀችኝ። እ.ኤ.አ. በ1724 የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል ለንደን ላይ ስለ ሮማዊው የጦር መሪ ጁሊየስ ቄሳር ኦፔራ አቀረበ። ቄሳርን የዘፈነው ሴኔሲኖ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ድምፁ ዛሬ የሴት በምንለው ከፍታ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ጦር የመራ ሰው! በዚያ ዘመን የኦፔራ ጀግና እንዲያ ነበር የሚዘፍነው። ኦፔራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መድረክ ሲመለስ ግን ብዙ አዘጋጆች የቄሳርን ዜማ ወደ ታች አውርደው ባሪቶንና ባስ ለሚባሉት ጎርናና የወንድ ድምፆች ሰጡት። ቄሳርንም «አውርደው» አሉት!

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ሴኔሲኖ ስልብ ነበር። ጣልያን ውስጥ ብዙ ወንዶች ልጆች ድምፃቸው ሳይጎረንን ይሰለቡ ነበር። ሮም ላይ ሴት መድረክ እንዳትወጣ ስለተከለከለ የሴቷንም ቦታ እነሱ ይዘፍኑ ነበር። ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከመጨረሻዎቹ ስልብ ዘፋኞች አንዱ የነበረው የአሌሳንድሮ ሞሬስኪ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1904 በሸክላ ተቀርጾ ቀርቷል። ስሰማው እስካሁን ሆዴ ይባባል።

የዛሬውን ካውንተርቴነር፣ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍነውን ወንድ፣ ግን ምላጭ አልነካውም። እንደ አጎቴ ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ጎርናና ነው። ሲዘፍን የድምፅ አውታሮቹ ይሳሳሉ፣ ጠርዛቸው ይርገበገባል። ይህ የዓመታት ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን በኦፔራው ውስጥ ያለውን የተረት ንጉሥ ኦቤሮንን ለካውንተርቴነሩ ለአልፍሬድ ዴለር ድምፅ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስ በኦፔራው የግብፁን ፈርዖን አኬናተንን ለዚሁ ድምፅ ሰጠ።

አሰልጣኞች፣ እለምናችኋለሁ። አይ፣ ልመናው ይቅር! ከዚህ በኋላ በልጅ ድምፅ የሚያሾፍ ሰው አሰልጣኝ ነኝ አይበል። ወላጆችም ቤት ውስጥ «እንደ ሴት አትዝፈን» ማለቱን ተዉት።

አሁን አንድ ልጅ ይዘፍናል። ባለፈው ወር ድምፁን አውርዶ ሲጀምር ሰምቼዋለሁ። ና ልጄ፣ ውጣ። ዛሬ ከራስህ ከፍታ ጀምር።