«ይሄ እኮ የሴት ነው»

እሺ፣ እየቀዳ ነው። የጋሽ ጄኔሬተር ድምፅ ከገባ ታገሱኝ፣ ለምዳችሁታል። እማዬ፣ ይሄኛውን ዝለዪው። የምሬን ነው።

ሰውዬው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ እንዳወራ ፈቅዷል። «ስሜን ካልጠራሽ» አለ። መቼ ጠርቼህ አውቃለሁ?

ያው ያ ነገር ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቀጭኑ ፈሳሽ፣ ያው ሽታ። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ፣ ማለትም የብልት ውስጥ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣው። ፍላጂል የሚባለው እንክብል ለሰባት ቀን፣ አፌን ብረት ብረት እያለኝ፣ ከዚያ ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ የወር አበባዬ መጥቶ ሲሄድ እንደገና። በፊት የሄድኩበት ክሊኒክ «ፈሳሽ አለኝ» ስል ላብራቶሪም አልላኩኝም፣ እንክብሉን ብቻ ጻፉልኝ። በምልክት ብቻ ማከም ላብራቶሪ ለሌለው ጤና ጣቢያ የታሰበ ነው፣ ይገባኛል። ግን እዚያ ላብራቶሪው ፊት ለፊቴ ነበር እኮ!

የአሁኗ ሐኪም ግን መረመረችኝና «ባልሽም ይታከም» አለች። እስከዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

እና ማታ ነው። ራት በልተናል፣ ሻይ እየጠጣን ነው። የፋርማሲውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክሬሙን አወጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ካርቶኑን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። ክሊንዳማይሲን፣ 2 በመቶ። ከፈተው። እነዚያ የፕላስቲክ መክተቻዎች ዝርግፍ አሉ። አንዱን አነሳና ወደ አምፖሉ አድርጎ አየው። ገፋው፣ ሳበው።

«ይሄ እኮ የሴት ነው» አለ።

«ላንተም ነው። ያን ተወው፣ አንተ ላዩን ነው የምትቀባው። ጠዋትና ማታ።»

ዝም አለ። መክተቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰ፣ ሲገዛ እንደነበረው አድርጎ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ከየት መጣ?»

ይሄን ነው የማላምጠው። ከየት መጣ ማለት... አንቺ ከየት አመጣሽው ነው? ወይስ ከእኔ ነው ወይ ነው? ወይስ ዝም ብሎ እንደ ሰው ለማወቅ ነው? ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ፈልጌ አጣሁት። ቀና ቢል ኖሮ ዓይኑን አይቼ እለይ ነበር።

እኔ ደግሞ ምን አልኩት? አውስትራሊያ ገባሁ! በ2025 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት፣ 164 ጥንዶች፣ ሴቷ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ 63 በመቶዎቹ ላይ ተመለሰ፣ ወንዱም እንክብሉን ከነክሬሙ ሲጠቀም 35 በመቶ። ልዩነቱ በጣም ግልጽ ስለነበር ጥናቱን ቀድመው አቆሙት። ባል ጥያቄ ሲጠይቅ በፐርሰንት የሚመልስ ማነው በናታችሁ?

«እሺ» አለ። እንክብሉን በተረፈው ሻይ ዋጠ። በቃ።

እና ተናደድኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር መሰለኝ፣ አላውቅም።

ቆይ፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1955 ሂውስተን ውስጥ ጋርድነርና ዱክስ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው አንዱን ባክቴሪያ ከዚህ ችግር ጋር ያገናኙት፣ ጋርድነሬላ የተባለው በዚያ ነው። እንዴት እንዳረጋገጡ ታውቃላችሁ? የታመሙ ሴቶችን ፈሳሽ ወስደው ጤነኛ ሴቶች ውስጥ አስገቡት። ከ15ቱ 11ዱ ታመሙ። ይሄን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እነማን ነበሩ እነዚያ 15 ሴቶች? ምን ተብሎ ተነገራቸው? ፈቃደኞች ናቸው ይላል። እሺ፣ ፈቃደኞች። ቤታቸው ሲገቡስ... ተዉት፣ እዚህ ከገባሁ አልወጣም።

የገረመኝ ግን ባሎቹም ላይ ባክቴሪያውን ያኔ አግኝተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ለወንዶች እንክብል ብቻ እየሰጡ ሞከሩት፣ ብዙም ለውጥ አልመጣም፣ «ባልን ማከም አያስፈልግም» ተባለ፣ ለአሥርተ ዓመታት። ቆዳው ላይ የሚቀባ ነገር ሳይጨምሩ!

እስከዚያ እኛ እንታጠብ ነበራ። አክስቴን ታውቋታላችሁ፣ ዴቶል ትላለች፣ ሎሚ ትላለች፣ ጨው ትላለች። ውስጡን በሳሙና መታጠብ የሚጎዳው ጠባቂዎቹን ነው፣ ላክቶባሲለስ የሚባሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች። ላክቲክ አሲድ እየሠሩ ቦታውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፣ ፒኤቹን፣ የአሲድነት መለኪያውን ማለት ነው፣ ከ4.5 በታች ይይዙታል። እነሱ ሲሳሱ ሌሎቹ ይገቡና ግድግዳው ላይ ሽፋን ሠርተው ይለጠፋሉ፣ መድኃኒቱ ላዩን ጠርጎ ሥሩን የሚተወው ለዚህ ነው ይላሉ። ወይባዬን ግን አትንኩብኝ። ማስረጃ አላየሁም፣ ማየትም አልፈልግም።

ምን ልል ነበር... አዎ። ባል ታከመ ማለት ከባል መጣ ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ወንድ ነክቷት በማታውቅ ሴት ላይም ይገኛል። ስለዚህ «ከየት መጣ» ብሎ ሲጠይቅ ቀጥተኛው መልስ... የለም። ይሄን ልለው እችል ነበር። «የኔም ያንተም ጥፋት አይደለም» ማለት። ግን እንደዚያ ካልኩ ጥፋት የሚለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ እሱ አላነሳው። ወይስ አንስቶታል?

ሐኪሟ ባልሽም ይታከም ስትል ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ደስ ያለኝ ስለምድን ነው ወይስ እሱም አፉን ብረት ብረት ስለሚለው? ሁለቱም። ሁለተኛው ትንሽ ይበዛል።

ሰባቱን ቀን ጨርሷል፣ ሳላስታውሰው። ሁለተኛ አልጠየቀም። ከተመለሰስ ምን እንላለን፣ ያኔ ጠያቂው ማነው፣ እኔ ነኝ? አሁን ሳሎን ኳስ እያየ ነው፣ ሄጄ «ያን ቀን ምን ማለትህ ነው» ብለው... አይ፣ አርሰናል እየተመራ ነው፣ ዛሬ አይሆንም። ነገም ደግሞ...

አቤት? ... እየቀዳሁ ነው! ... ምን? የቱ ካርቶን?